ባዶ ሲዲና ዲቪዲ ለባክአፕ ሲመረጥና ሲያዝ የሚሠሩ ስህተቶች

ባዶ ዲስክ ላይ የተጻፈ ፋይል የሚያርፈው ፕላስቲኩ ላይ አይደለም። ፕላስቲኩ ላይ በስሱ የተቀባ ቀለም አለ፤ ሌዘሩ ያን ቀለም እያጋለ ጥቃቅን ምልክት ይተውበታል፣ ከቀለሙ ጀርባ ያለው ስስ ብረት ደግሞ ብርሃኑን ወደ አንባቢው ይመልሳል። ቀለሙ በፀሐይና በሙቀት ይደክማል፤ ብረቱን አየርና እርጥበት ያበላሸዋል። ይህን ያወቀ ሰው ብዙውን ጥፋት ሳይነገረው ይተዋል።

በብዛት የሚታየው ጥፋት ስም የሚጻፍበትን ፊት መናቅ ነው። ሰው ሲዲውን ጠረጴዛ ላይ ሲያኖር የሚያብረቀርቀውን ፊት ወደ ላይ ይገለብጠዋል፤ እንዳይጫር አስቦ ነው። ነገሩ ግን ተቃራኒው ነው! ሲዲ 1.2 ሚሊሜትር ይወፍራል፤ ከዚህ ሁሉ የሚበዛው ከታች ያለው ጥርት ያለ ፕላስቲክ ነው። ቀለሙና ብረቱ ያሉት እላይ፣ ከታተመው ስም ሥር ነው፤ የሚከልላቸውም በማይክሮሜትር የሚለካ ቅብ ብቻ ነው። ከታች የተጫረ ሲዲ ብዙ ጊዜ ይነበባል፤ ሌዘሩ ጭረቱን አልፎ ርቆ ስለሚያተኩር ቀጭን ጭረት አያግደውም፣ ካስፈለገም ፕላስቲኩን አለስልሶ ማዳን ይቻላል። ከላይ ሲጫር ግን ብረቱ አብሮ ይነሣል። ወደ መብራት ከፍ አድርጋችሁ ስታዩት ብርሃን ሾልኮ ያልፋል። እዚያ ቦታ የነበረው ፋይል ሄዷል፤ የሚጠግነው የለም።

ስለዚህ በእስክሪብቶ አትጻፉበት። ስቲከር አትለጥፉ፤ ጥቂት ከመሐል ካፈነገጠ ዲስኩ በፍጥነት ሲሽከረከር ይንገዳገዳል፣ ሙጫውም ከጊዜ በኋላ ቅቡን ይጎዳዋል። የተለጠፈ ካለ ደግሞ ለመላጥ እንዳትሞክሩ፤ ብረቱን ይዞት ይነሣል። ጫፉ ለስላሳ በሆነ፣ ቀለሙ በውሃ በተበጠበጠ ማርከር ጻፉ፤ ከሁሉ የሚሻለው ቀዳዳውን የከበበው ግልጽ ቀለበት ላይ መጻፍ ነው።

ዲቪዲ ይለያል። እያንዳንዳቸው 0.6 ሚሊሜትር የሆኑ ሁለት ዝርግ ፕላስቲኮች ተጣብቀው የተሠራ ስለሆነ መረጃው መሐል ላይ ነው፤ እሱን የሚገድለው መታጠፍ ነው። ከማኅደሩ ስታወጡት ጠርዙን ይዛችሁ አትጎትቱ፤ የመሐሉን ጥርስ ተጫኑና ሲለቀው አንሡት። ከዲቪዲ የበለጠ መረጃ የሚይዘው ብሉሬይ የተባለው ዲስክ ደግሞ መረጃውን የሚይዘው ከሚነበበው ፊት 0.1 ሚሊሜትር ብቻ ገባ ብሎ ነው፤ ጠንካራ ቅብ ቢኖረውም እሱን ከታች በኩል ጠብቁት።

ሲገዙ በካርቶኑ ስም ብቻ መተማመንም ያሳስታል። አንድ ስም የተለያዩ ፋብሪካዎችን ዲስክ ሊሸጥ ይችላል። ባዶውን ዲስክ ድራይቭ ውስጥ ከታችሁ እንደ ኢምግበርን ያለ ፕሮግራም ብትከፍቱ የአምራቹን ኮድ ያሳያችኋል፤ ጥሩ ውጤት የሰጣችሁን ኮድ መዝግባችሁ ያዙ። የታወቁ ዲስክ አምራቾች የድሮ ዝናም አይበቃም፦ የጃፓኑ ታይዮ ዩደን እ.ኤ.አ. በ2015 ከሥራው ወጥቷል፣ ቨርባቲም የተባለው ስም በ2019 ለታይዋኑ ዲስክ አምራች ሲኤምሲ ማግኔቲክስ ተሸጧል፣ ፓናሶኒክ በ2023፣ ሶኒም በ2025 የሚጻፍበት ብሉሬይ ማምረት አቁመዋል። ስለዚህ መደርደሪያ ላይ የምታገኙት ዲስክ የቆየ ሊሆን ይችላል። ያልተጻፈበትም ያረጃል፤ ለባዶ ዲስክ በተለምዶ የሚሰጠው ግምት ከ5 እስከ 10 ዓመት ነው። ገዝቶ መከመር ትርፍ የለውም።

ለረጅም ጊዜ ማቆያ ከሲዲዎች ፍታሎሳያኒን የተባለው ቀለምና የወርቅ አንጸባራቂ ያለው ይመረጣል፤ ወርቅ አይዝግምና። ላዩ በወርቅማ ቀለም የታተመ ሁሉ ግን ወርቅ አለው ማለት አይደለም። ብሉሬይ ላይ ኤልቲኤች የሚል ካያችሁ ተዉት፤ የተቀባው ብርሃን የሚያደክመው ኦርጋኒክ ቀለም ነው። ተደጋግሞ የሚጻፍበት አርደብሊው ለማቆያ አይሆንም።

በከፍተኛው ፍጥነት አትጻፉ፤ በዝቅተኛውም አይደለም። ቀርፋፋ ሁልጊዜ ይሻላል የሚለው እምነት ከድሮ የቀረ ነው። የዛሬ ዲስኮች ቀለማቸው ለፈጣን ጽሕፈት የተመጠነ ስለሆነ ከልክ በላይ ሲዘገይም ምልክቱ ይበላሻል። 16 እጥፍ ለሚለው ዲቪዲ 8 እጥፍ፣ 52 እጥፍ ለሚለው ሲዲ ከ16 እስከ 24 እጥፍ ጥሩ መነሻ ነው።

4.7 ጊጋባይት የሚለው ዲቪዲ ኮምፒውተሩ ላይ 4.37 አካባቢ ሆኖ ይታያል፤ ማንም አላታለላችሁም፣ አቆጣጠሩ ነው የተለየው። ያን ሁሉ ግን አትሙሉት። ጽሕፈቱ ከመሐል ተነሥቶ ወደ ውጭ ስለሚሄድ መጨረሻ የሚጻፈው ጠርዙ ላይ ነው፤ እርጥበት ቀድሞ የሚገባውም፣ ጣት የሚነካውም እዚያው ነው። 200 ወይም 300 ሜጋባይት ተዉለት።

ሌላው ትልቅ ጥፋት፣ ጽሕፈቱ አለቀ ሲባል ዋናውን ፋይል ማጥፋት ነው። እባካችሁ! ዲስኩን ከፍቶ የፋይሎቹን ስም ማየት ማረጋገጫ አይደለም፤ የስም ዝርዝሩ የሚቀመጠው መጀመሪያ፣ ወደ መሐሉ ነው። ፋይሎቹ ጠርዙ ላይ ተበላሽተው እንኳ ስማቸው በደንብ ይታያል። ከመጻፋችሁ በፊት የየፋይሉን ቼክሰም (ከይዘቱ ተሰልቶ የሚወጣ፣ ፋይሉ ሲለወጥ አብሮ የሚለወጥ መለያ ቁጥር) አውጡ፤ ከጻፋችሁ በኋላ ዲስኩን አውጥታችሁ ሌላ ድራይቭ ውስጥ ክተቱና ሁሉንም አስነብባችሁ አመሳክሩ። ይህም ግማሹ ነው። ድራይቩ ትናንሽ ስህተቶችን ራሱ እያረመ ስለሚያነብ ሊሞት የቀረበ ዲስክም ጤነኛ ይመስላል። ድራይቫችሁ የስህተት ቆጠራ የሚችል ከሆነ ተጠቀሙበት፤ ሲዲ ላይ ሲ2 የሚባለው ከባድ የስህተት ዓይነት ቁጥሩ ዜሮ መሆን አለበት፣ ዲቪዲ ላይ በየ8 ተከታታይ ብሎክ (የመረጃ ክፍል) የሚቆጠረው ፒአይ የሚባለው የስህተት ቁጥር ከ280 ማለፍ የለበትም። አዲስ ዲስክ ገና ከጅምሩ ሲ2 ካሳየ ወይም ፒአይው ወደ 280 ከተጠጋ በሌላ ዲስክ ላይ እንደገና ጻፉ።

ስትጠርጉ ከመሐል ወደ ጠርዝ በቀጥታ ሂዱ። በክብ ከጠረጋችሁ የሚፈጠረው ጭረት የጽሕፈቱን መስመር ተከትሎ ይረዝማል፤ የስህተት ማረሚያው ደግሞ ሊሞላ የሚችለው አጭር ክፍተት ብቻ ነው።

በጠንካራ ማኅደር፣ ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙ፤ ለስላሳ የፕላስቲክ ኪስ ፊቱ ላይ ሊጣበቅ ይችላል። ከ4 እስከ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ከ20 እስከ 50 በመቶ እርጥበት፣ ጨለማ። ከቀዝቃዛ ክፍል ያወጣችሁትን ወዲያው አታጫውቱ፤ ጤዛው እስኪጠፋ ማኅደሩ ውስጥ ይቆይ።

ቅጂው ሁለት ይሁን፤ ፋብሪካውም የሚቀመጥበት ቤትም ይለያይ። በየሁለት ዓመቱ አስነብቡት፤ ስህተቱ እየጨመረ ከሄደ ገና ሲነበብ ወደ አዲስ ገልብጡ።

አልነበብ ያለውንም ቶሎ አትጣሉ። ድራይቮች የማንበብ አቅማቸው ይለያያል፤ አንዱ ያቃተውን ሌላው ያነባል። ዲዲሬስክዩ የሚባለው ፕሮግራም የተነበበውንና የቀረውን በመዝገብ ስለሚይዝ፣ መዝገቡን ሳታጠፉ ዲስኩን ሁለተኛ ድራይቭ ውስጥ ብትከቱት የጎደለውን ብቻ ይሞላላችኋል።