የቤት ኢንተርኔት ራውተርን ስለ መትከልና ስለ መረዳት

ደሴ ውስጥ «ኔት የለም» ሲባል ሁለት የተለያዩ ችግሮች በአንድ ስም ይጠራሉ። አንደኛው ከውጭ ወደ ቤት የሚገባው መስመር ሲቋረጥ የሚከሰት ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ መስመሩ ደህና ሆኖ ሳለ ራውተሩ በቤት ውስጥ የሚያሰራጨው ዋይፋይ ሲዳከም የሚታይ ነው። የመጀመሪያውን የሚጠግነው አገልግሎት ሰጪው ሲሆን ሁለተኛውን የምንጠግነው እኛው ነን፤ ስለዚህ ራውተር የሚተክል ሰው ከሁሉ አስቀድሞ እነዚህን ሁለቱን መለየት መልመድ አለበት።

ከውጭ የሚገባው መስመር በአብዛኛው ወይ በመዳብ የስልክ ሽቦ የሚመጣው ኤዲኤስኤል ነው፣ ወይም እንደ ፀጉር በቀጠነ መስታወት ውስጥ ብርሃን የሚያስተላልፈው ፋይበር ነው። በመዳቡ ሽቦ ላይ ድምፅና ዳታ አብረው ስለሚጓዙ፣ ስፕሊተር የምትባለው ትንሽ ሳጥን ከግድግዳው የስልክ ሶኬት ቀጥላ መግባት አለባት፤ ከእርሷም አንዱ ገመድ ወደ ስልኩ፣ ሌላው ወደ ሞደሙ፣ ማለትም የስልኩን መስመር ወደ ኢንተርኔት ወደሚለውጠውና ብዙ ጊዜ ከራውተሩ ጋር በአንድ ሳጥን ወደሚገኘው መሣሪያ ይሄዳል። ስልኩ ያለ ስፕሊተር በቀጥታ ከተሰካ በጥሪው ውስጥ የሚያንሾካሽክ ጫጫታ ይሰማል፣ ስልክ በተደወለ ቁጥርም ኢንተርኔቱ ይቆራረጣል። የፋይበሩ ገመድ ግን ሌላ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ እንደ ኤሌክትሪክ ሽቦ በሹል ማዕዘን ከታጠፈ ወይም በሚስማር ከተጠረቀ ብርሃኑ ይጠፋል፤ የተረፈውን ገመድ የሻይ ሳህን በሚያህል ክብ ላላ አድርጎ መጠቅለል ይበቃል።

ገመዶቹ ከተሰኩ በኋላ የራውተሩን ፊት ማንበብ ያስፈልጋል። በፋይበር መሣሪያ ላይ «ፖን» (PON) የሚለው መብራት ሳያቋርጥ አረንጓዴ ከበራ መስመሩ ተገናኝቷል ማለት ነው፤ ብልጭ ድርግም ካለ ገና በመሞከር ላይ ነው፤ «ሎስ» (LOS) የሚለው ቀይ ሆኖ ከበራ ግን ብርሃኑ ከነጭራሹ አልደረሰም። በኤዲኤስኤል ሞደም ላይ የፖንን ቦታ የሚይዘው «ዲኤስኤል» የሚለው መብራት ነው። ሎስ ቀይ በሆነበት ሰዓት የዋይፋይ ፓስወርድ መቀያየር ከንቱ ድካም ነው፤ የገመዱን ጫፍ በደንብ መግባቱን አይቶ፣ ካልተለወጠ ወደ ኢትዮ ቴሌኮም የደንበኞች አገልግሎት፣ 994፣ መደወል ነው።

ራውተሩ የሚቀመጥበት ቦታ ብዙ ሰው የሚያቃልለው ጉዳይ ነው። በእኛ ቤት ለአንድ ዓመት ያህል ከቡፌው ውስጥ፣ ከቴሌቪዥኑ ኋላ ተቀምጦ፣ ላዩም እንዳይቆሽሽ ዳንቴል ለብሶ ነበር። ዳንቴሉ ሙቀቱን ያፍነዋል፤ የቡፌው መስተዋትም ጀርባው በብረት የተቀባ በመሆኑ ሞገዱን ይመልሰዋል፤ ስለዚህ ጓዳ ያለ ሰው ቪዲዮ ለማየት ወደ ሳሎን መውጣት ነበረበት። ራውተሩን አውጥተን በቤቱ መካከል፣ ከሰው ቁመት ከፍ ባለ መደርደሪያ ላይ ስናስቀምጠው ጓዳው ያለ ሌላ ወጪ ዋይፋይ አገኘ። የድንጋይ ግድግዳ ሞገዱን ይውጠዋል፤ የቆርቆሮ ግድግዳ ደግሞ ያነጥረዋል፤ በመሆኑም ከዋናው ቤት የተለየ ማድ ቤት ያለው ሰው ግድግዳ ከመታገል ይልቅ እስከዚያ ድረስ የላን ኬብል (ራውተርን ከሌላ መሣሪያ ጋር የሚያገናኝ የኔትወርክ ገመድ) ዘርግቶ ሁለተኛ ራውተር ቢተክል ይሻለዋል።

ቀጥሎ ያለው የማስተካከያው ገጽ ነው። ከራውተሩ ሥር በተለጠፈው ወረቀት ላይ እንደ 192.168.1.1 ወይም 192.168.100.1 ያለ አድራሻ ይገኛል፤ ይህን በስልክ ወይም በኮምፒውተር ብሮውዘር ላይ ጽፎ መግባት ይቻላል። እነዚህ ቁጥሮች በየቤቱ የሚደጋገሙት የውስጥ አድራሻዎች በመሆናቸው ነው። አንድ መሥሪያ ቤት በአንድ የፖስታ ሳጥን ቁጥር እየተጠራ ደብዳቤውን ለየሠራተኛው እንደሚያከፋፍል ሁሉ፣ ራውተሩም ከውጭ በአንድ አድራሻ የመጣውን ሁሉ ለየስልኩና ለየኮምፒውተሩ ለይቶ ያድላል። በዚህ ገጽ ላይ መጀመሪያ የሚለወጠው ወደ ገጹ ራሱ የሚያስገባው ፓስወርድ ነው፤ ከዚያም የዋይፋዩ ስምና ፓስወርድ ይከተላል። የዋይፋዩ ጥበቃ ዓይነት ደብልዩፒኤ2 (WPA2) ወይም ደብልዩፒኤ3 (WPA3) መሆኑን ማረጋገጥ፣ ፓስወርዱም የስልክ ቁጥር ሳይሆን በላቲን ፊደል የተጻፈ፣ ቢያንስ 12 ፊደል ያለው የአማርኛ ሐረግ ቢሆን ይመረጣል።

እንግዳ በማይጠፋበት የወሎ ቤት ከአቦል በፊት የሚጠየቀው ፓስወርድ ሆኗል፤ መከልከልም ነውር ነው። ብዙዎቹ ራውተሮች የእንግዳ ኔትወርክ መክፈት ስለሚችሉ፣ ለመጣው ሁሉ የዚህን ኔትወርክ ፓስወርድ ሰጥቶ ዋናውን ለቤተሰብ ማስቀረት ይቻላል።

ራውተሩ 2.4 እና 5 ጊጋኸርዝ የሚባሉ ሁለት ሞገዶች ካሉት፣ የመጀመሪያው ግድግዳ አልፎ ሩቅ ይደርሳል፣ ሁለተኛው ግን በቅርብ ላለ ሰው ይፈጥናል። ከጦሳ ተራራ ሥር ቁልቁለት ላይ በተደረደሩ ቤቶች የላይኛው ጎረቤት ራውተር ወደ ታች ስለሚያይ 2.4 ጊጋኸርዝ ይጨናነቃል፤ ይህ ሞገድ ቻናል በሚባሉ መተላለፊያዎች ስለሚከፋፈል፣ እርስ በርስ ከማይደራረቡት 1፣ 6 እና 11 ቻናሎች መካከል ጎረቤት የማይጠቀምበትን መምረጥ ይረዳል።

ስለ ፍጥነት የሚነሳው ቅሬታ አንዳንዴ የመለኪያ ስሕተት ነው። ውሉ ላይ ያለው ሜጋቢት ሲሆን ፋይል የሚመዘነው በሜጋባይት ነው፤ አንድ ባይት 8 ቢት ስለሆነ 10 ሜጋቢት በሰከንድ ማለት 1.25 ሜጋባይት ነው፤ 600 ሜጋባይት ያለው ፊልምም ቢያንስ 8 ደቂቃ ይፈጃል። ከዚህም በታች ከዘገየ ኮምፒውተሩን በላን ኬብል ከራውተሩ ጋር አገናኝቶ መለካት ነው፦ በኬብል ፈጥኖ በዋይፋይ ከተጎተተ ጥፋቱ የቤቱ ነው፤ በሁለቱም ከተጎተተ ወደ መስመሩ ማየት ይገባል።

መብራት ሲጠፋ ራውተሩን ከሶኬት መንቀል፣ ሲመለስም ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ መሰካት ዕድሜውን ያረዝማል። በሐምሌና በነሐሴ ነጎድጓድ ሲጀምር የመዳቡን የስልክ ገመድም አብሮ መንቀል ያስፈልጋል፤ መብረቅ በእርሱ በኩል ይገባልና።

በመጨረሻ፣ ከኋላ ያለችውን «ሪሴት» የምትል ቀዳዳ ሰው ሁሉ እንደ መድኃኒት ያያታል። እኔም አንድ ቀን ኔት ሲዘገይብኝ በእናቴ የስፌት ወስፌ 10 ሰከንድ ያህል ተጭኛት ነበር። ዋይፋዩ በፋብሪካ ስሙ ተመልሶ መጣ፤ ኢንተርኔቱ ግን አልመጣም፤ ምክንያቱም ራውተሩ ከአገልግሎት ሰጪው ጋር የሚገናኝበት የመለያ ስምና ፓስወርድ አብሮ ተሰርዟል፤ የተጻፈበት ወረቀትም ጠፍቶ ስለነበር ሁለት ቀን ያለ ኔት አደርን። ለማደስ ብቻ ከሆነ አጥፍቶ ማብራት ይበቃል። ያ ወረቀት አሁን በቡፌው በር ውስጠኛ ገጽ ላይ በፕላስተር ተለጥፏል።