ፎቶው የት ገባ? ከሴቲንግ ለውጥ በኋላ የጠፉ ፎቶዎችን ፈልጎ ማግኛ

በባሕር ዳር ከጥምቀት በኋላና የጥርና የሚያዝያ ሠርጎች ሲያልፉ፣ ወደ ኮምፒውተር ጥገና ቤቶች የሚመጣው አቤቱታ ይመሳሰላል፦ «ፎቶዎቼ ጠፉ፤ ትናንት እዚሁ ነበሩ።» ከትናንት ወዲህ ምን እንደተነካ ሲጠየቅ መልሱ ቀስ በቀስ ይመጣል። ዊንዶውስ ታድሷል። ሲ ድራይቭ ስለሞላ የፎቶው ፎልደር ወደ ዲ ተዛውሯል። ወይም ፋይሎችን በኢንተርኔት ላይ የሚያስቀምጠው የማይክሮሶፍቱ ዋንድራይቭ ቦታ ሞላ እያለ ስላሰለቸ ተዘግቷል።

ሴቲንግ መቀየር ብቻውን ፎቶ የሚያጠፋው ከስንት አንዴ ነው፤ ብዙውን ጊዜ የሚለወጠው የፎቶው አድራሻ ነው። በእውነት የሚያጠፋው ከዚያ በኋላ በድንጋጤ የሚሠራው ሥራ ነው፤ ዊንዶውስን እንደ አዲስ ማስጫን፣ ዲስኩን ፎርማት ማድረግ፣ የጠፋ ፋይል ይመልሳል የተባለ ፕሮግራም እዚያው ዲስክ ላይ መጫን። የሙሽሮች ፎቶ ሁለተኛ አይነሳም። የዘጌን ገዳማት ሥዕሎች ለማንሳት ጀልባ ተከራይቶ፣ ፈቃድ ጠይቆ የተመለሰ ሰውም ያን ብርሃን ደግሞ አያገኘውም። ስለዚህ መጀመሪያ እጅን መሰብሰብ ያስፈልጋል።

ከሁሉ በፊት

በዚያ ዲስክ ላይ ምንም አዲስ ነገር አይጻፉ። ፊልም አይገልብጡ፣ ፕሮግራም አይጫኑ፣ የዲስክ ማጽጃ አያስነሱ። ምን እንደቀየሩና መቼ እንደቀየሩት በወረቀት ላይ ያስፍሩ፤ ሰው ሲደናገጥ የነካውን ይረሳል።

ቀጥሎ «ዚስ ፒሲ»ን ከፍተው የእያንዳንዱን ድራይቭ ባዶ ቦታ ይመልከቱ። ብዙ ሰው ይህን ይዘለዋል፤ እኔ ግን ከዚህ የሚበልጥ ምርመራ አላውቅም። 60 ጊጋባይት ፎቶ በእርግጥ ከተሰረዘና ከሪሳይክል ቢንም ከወጣ፣ ባዶው ቦታ የዚያን ያህል መጨመር አለበት። ቦታው ካልጨመረ ፎቶው እዚያው አለ፤ የቀረው ፍለጋ ብቻ ነው።

ለመፈለግ ስሙን ሳይሆን ቅጥያውን፣ ማለትም ከፋይሉ ስም መጨረሻ ከነጥብ ቀጥሎ ያሉትን ፊደላት ይጠቀሙ። «ዚስ ፒሲ» ላይ ሆነው በፍለጋው ሳጥን ውስጥ የጄፒጂን ቅጥያ ይጻፉ። በካኖን ካሜራ በጥሬው (በ«ራው») የተነሳ ከሆነ ሲአር2ን ወይም በአዳዲሶቹ ሲአር3ን፣ በኒኮን ከሆነ ኤንኢኤፍን ይሞክሩ። ከዚያ በፊት «ቪው» ከሚለው ዝርዝር «ሂድን አይተምስ» ላይ ምልክት ማድረግ አይርሱ፤ የተደበቀ ፎልደር ያለዚህ አይታይም።

«ፒክቸርስ ባዶ ሆነ»

ባዶው ቦታ ካልጨመረና ባዶ የሆነው «ፒክቸርስ» ብቻ ከሆነ መንስኤው ብዙ ጊዜ ከሁለት አንዱ ነው።

የመጀመሪያው የፎልደሩ መገኛ መቀየር ነው። «ፒክቸርስ» ተራ ፎልደር ይምሰል እንጂ ዊንዶውስ መገኛውን ለብቻው ይመዘግባል። በ«ፕሮፐርቲስ» ውስጥ «ሎኬሽን» በሚለው ገጽ መገኛው ከሲ ወደ ዲ ሲዛወር ነባሮቹ ፋይሎች አብረው ይሂዱ ወይ ብሎ ይጠይቃል። በችኮላ «ኖ» ያለ ሰው አዲስ ባዶ ፎልደር ይከፈትለታል፤ ፎቶዎቹ ግን ከአሮጌው ቦታ አልተነቃነቁም። ሲ ድራይቭን ይክፈቱ፣ «ዩዘርስ» ውስጥ ይግቡ፣ የራስዎን ስም የያዘውን ፎልደር ይክፈቱ፤ «ፒክቸርስ» እዚያ አለ። ከዚያ ፎቶዎቹን ወደ አዲሱ ቦታ ይገልብጡ፣ ወይም «ሪስቶር ዲፎልት» ብለው መገኛውን ወደ ነበረበት ይመልሱ። መገኛ ሲመርጡ ግን ዲ ድራይቭን እንዳለ አይስጡት፤ ውስጡ ፎልደር ከፍተው እሱን ይስጡት። አለበለዚያ ድራይቩ በሙሉ «ፒክቸርስ» ይሆንና መመለሱ አስቸጋሪ ይሆናል።

ሁለተኛው ዋንድራይቭ ነው። ብዙ ሰው አዲስ ላፕቶፕ ሲከፍት ሳያስተውል የፎልደሮች መጠባበቂያ እንዲሠራ ይፈቅዳል። ያን ጊዜ «ፒክቸርስ» ወደ ዋንድራይቭ ፎልደር ውስጥ ይዛወራል። በነፃ የሚሰጠው 5 ጊጋባይት በመሆኑ አንድ ሠርግ እንኳን ሊሞላው ይችላል፤ ማስጠንቀቂያው ሲበዛ ባለቤቱ መጠባበቂያውን ይዘጋዋል፣ «ፒክቸርስ»ም ባዶውን ይቀራል። በዚህ ጊዜ ፎቶዎቹ በዋንድራይቭ ፎልደር ውስጥ ባለው ሌላ «ፒክቸርስ» ይገኛሉ። ባዶው ፎልደር ውስጥ ፋይሎችዎ የት እንዳሉ የሚጠቁም አቋራጭም (ሾርትከት) ብዙ ጊዜ ይቀመጣል፤ እሱን ተጭኖ መሄድ ይቻላል።

እዚህ ላይ መጠንቀቅ የሚያስፈልገው ከፋይሉ ጎን ለሚታየው ትንሽ የደመና ምልክት ነው። ደመና ያለበት ፎቶ ስሙ እንጂ አካሉ ኮምፒውተሩ ላይ የለም፤ ለመክፈት ኢንተርኔት ይፈልጋል። መስመሩ ደካማ በሆነበት ቀን «ፎቶዬ ተበላሽቷል» ብለው የሚመጡ ሰዎች አሉ፤ ፎቶው ግን ገና አልወረደም። ኢንተርኔት ባለበት ሰዓት ፎልደሩን በቀኝ ተጭነው ሁልጊዜ በዚህ ኮምፒውተር ላይ ይቀመጥ የሚለውን ይምረጡና እስኪወርድ ይጠብቁ። ከዋንድራይቭ ፎልደር የሚሰርዙት ነገር ከኢንተርኔቱም ይሰረዛል። ተሰርዞ ከሆነ በብሮውዘር ገብተው የዋንድራይቭን የራሱን ሪሳይክል ቢን ይመልከቱ፤ የግል አካውንት ከሆነ ለ30 ቀን ያቆየዋል።

«ዴስክቶፑ በሙሉ እንደ አዲስ ሆነ»

የጠፋው ፎቶ ብቻ ካልሆነ፣ የጀርባው ሥዕልና ዴስክቶፑ ላይ የነበረው ሁሉ ከተለወጠ፣ ዊንዶውስ የእርስዎን ፕሮፋይል፣ ማለትም የእርስዎን ፋይሎችና ሴቲንግ የያዘውን ክፍል መክፈት አቅቶት በጊዜያዊ ፕሮፋይል አስገብቶዎታል ማለት ነው። ኮምፒውተሩ እየተዘጋ ሳለ መብራት ሲጠፋ ይህ ይከሰታል። በጊዜያዊው ፕሮፋይል ውስጥ ያስቀመጡት ሁሉ ሲወጡ ይሰረዛልና ምንም አይሥሩበት። አንድ ሁለት ጊዜ አጥፍተው ያብሩት፤ አንዳንዴ ይህ ብቻ ይበቃዋል። ካልሆነ «ዩዘርስ» ውስጥ የድሮ ስምዎን ፎልደር ይክፈቱ፣ ፈቃድ ሲጠይቅ ይፍቀዱ፣ ፎቶዎቹን ወደ ውጭ ሃርድ ዲስክ ይገልብጡ። ፕሮፋይሉን መጠገን ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

የተጠቃሚ ስም መቀየር ብቻውን ግን ፎልደሩን አይነካውም፤ በሲ ላይ ያለው የድሮውን ስም እንደያዘ ይቀጥላል። በአዲሱ ስም ፎልደር ፈልገው ቢያጡ አይደንግጡ።

«ፎቶው አለ፣ በቀኑ ግን አይገኝም»

ይህኛው ችግር የእኛው አገር ነው፤ በውጭ አገር መመሪያዎች ውስጥ ስለማይገኝ ትንሽ ልቆይበት።

ፎቶ በዓመትና በወር ተከፋፍሎ እንዲገባ ሴቲንጉ ከተቀየረ በኋላ የጥምቀት ፎቶዎች በሙሉ የጠፉበት ሰው አለ እንበል። ጥር 11 ቀን 2016 ዓ.ም. ያነሳቸው ናቸው፤ በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 20 ቀን 2024 መሆኑ ነው። ፎልደር 2024ን ይከፍታል፣ ባዶ ነው። ካሜራውን ስንመለከተው ቀኑ የተሞላው በእኛ አቆጣጠር ነው፦ ዓመት 2016፣ ጥር አምስተኛው ወር ስለሆነ ወር 5፣ ቀን 11። ካሜራ የሚያውቀው የፈረንጆቹን አቆጣጠር ብቻ ነውና ታቦቱን፣ ዘማሪዎቹን፣ በነጭ የለበሰውን ምዕመን ሁሉ ሜይ 11 ቀን 2016 ላይ አስቀምጧቸዋል። ያ ቀን በእኛ ግንቦት 3 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው። ሰዓቱም እንደዚሁ ነው። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተብሎ 3 ቁጥር ከተሞላ፣ ኮምፒውተሩ የሚያነበው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ብሎ ነው።

ለማግኘት በፋይል ኤክስፕሎረር ውስጥ ዝርዝሩን በ«ዴት ክሪኤትድ» ይደርድሩ። ይህ ፎቶው የተነሳበትን ሳይሆን ወደዚህ ኮምፒውተር የተገለበጠበትን ቀን ያሳያል፤ የካሜራው ስሕተት አይደርስበትም። አለበለዚያ በቀጥታ ከሰባት ወይም ከስምንት ዓመት በፊት ያሉትን ፎልደሮች ይክፈቱ።

ማስተካከሉም ከባድ አይደለም። ላይትሩም የተባለውን የፎቶ ማደራጃና ማስተካከያ ፕሮግራም የሚጠቀሙ ከሆነ ፎቶዎቹን በሙሉ መርጠው «ኤዲት ካፕቸር ታይም» በሚለው የአንዱን ትክክለኛ ቀንና ሰዓት ይስጡት፤ የቀሩትን በዚያው ልዩነት ያዛውራቸዋል። የካሜራው ሰዓት እንደገና እስካልተሞላ ድረስ ልዩነቱ ለሁሉም ፎቶ አንድ ነው። ከዚያ ካሜራውን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ይሙሉት።

የኮምፒውተሩ የራሱ ቀን ሲዛባም ጣጣ አለው። በማዘርቦርዱ ላይ ያለችው 3 ቮልት ክብ ባትሪ ስታልቅ፣ መብራት በጠፋ ቁጥር ቀኑ ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ያን ጊዜ ብሮውዘሩም ዋንድራይቩም ለመገናኘት እምቢ ይላሉ። ባትሪዋን ይቀይሩ። የሰዓት ቀጠናውንም በዊንዶውስ ዝርዝር ናይሮቢ ከሚለው፣ ማለትም ከዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት (ዩቲሲ) በሦስት ሰዓት ከሚቀድመው ላይ ያድርጉት፤ የእኛም ቀጠና እሱ ነው።

«ውጫዊው ዲስክ ይታያል፣ ፎቶው ግን አይከፈትም»

ፎቶ ቤቶች ይህን በደንብ ያውቁታል። ላይትሩም ውስጥ ትንንሾቹ ሥዕሎች ይታያሉ፣ ፎልደሩ ላይ ግን የጥያቄ ምልክት አለ። ትናንት ኢ የነበረው ዲስክ ዛሬ ኤፍ ሆኗል፤ ሌላ ፍላሽ ቀድሞ ሲሰካ ፊደሉን ይወስድበታል። «ዲስክ ማኔጅመንት» ውስጥ ገብተው የድሮውን ፊደል ይመልሱለት፣ ወይም ላይትሩም ውስጥ ፎልደሩን በቀኝ ተጭነው የጠፋውን ፎልደር ፈልግ የሚለውን ይምረጡ። ፎቶዎቹን ከላይትሩም አውጥተው እንደገና አያስገቡ፤ የሠሩት የቀለም ማስተካከያ ሁሉ አብሮ ሊሄድ ይችላል።

ዲስኩ ሲሰካ «ፎርማት መደረግ አለበት» የሚል ጥያቄ ከመጣ መልሱ ሁልጊዜ «ካንስል» ነው።

«ፍላሹ ላይ አቋራጭ ብቻ ቀረ»

ይህ ሴቲንግ ሳይሆን ቫይረስ ነው፤ ከኢንተርኔት ቤትና ከማተሚያ ቤት ይዘነው እንመለሳለን። ፎልደሮቹን ደብቆ በቦታቸው አቋራጭ ያስቀምጣል። አቋራጮቹን አይጫኑ። የተደበቁ ፋይሎችና የተጠበቁ የሲስተም ፋይሎች እንዲታዩ ያድርጉ፤ ትክክለኛው ፎልደር ደብዘዝ ብሎ ይወጣል፣ አንዳንዴም ስም የለውም። ይክፈቱትና ውስጡ ያሉትን ፎቶዎች ብቻ ኮምፒውተሩ ላይ አዲስ ወደከፈቱት ፎልደር ይገልብጡ። ፍላሹን ፎርማት የሚያደርጉት ፎቶዎቹ በትክክል መከፈታቸውን ካዩ በኋላ ነው።

«ዊንዶውስ ካስጫንኩ በኋላ»

ሲ ፎርማት ሳይደረግ ከተጫነ፣ ሲ ላይ «ዊንዶውስ ኦልድ» የሚል ፎልደር ይፈልጉ። የድሮው «ዩዘርስ» በሙሉ እዚያ ነው። አዲስ የዊንዶውስ ዕትም ከተጫነ ከ10 ቀን በኋላ ግን ይህ ፎልደር በራሱ ሊሰረዝ ስለሚችል ዛሬ ነገ አይበሉ። ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲበራ ከዊንዶውስ በፊት የሚሠራው መሠረታዊ ሴቲንግ) ከተነካ በኋላ ዲስኩን የሚቆልፈው ቢትሎከር ባለ 48 አኃዝ ቁልፍ የሚጠይቅ ከሆነ፣ በሌላ ስልክ ወይም ኮምፒውተር ወደ ማይክሮሶፍት አካውንትዎ ገብተው ይፈልጉት። የቀየሩትን የባዮስ ሴቲንግ ማስታወስ ከቻሉም ወደ ነበረበት ይመልሱት።

በእውነት የተሰረዘ ሲሆን

ሪሳይክል ቢን ባዶ ከሆነ፣ ባዶው ቦታም ከጨመረ፣ ወደ መላሽ ፕሮግራም እንሄዳለን። ሬኩቫና ፎቶሬክ በነፃ ይገኛሉ። ፕሮግራሙን በሌላ ዲስክ ላይ ይጫኑ፣ የተገኘውንም በሌላ ዲስክ ላይ ያስቀምጡ። የሚሞሪ ካርድ ከሆነ በጎኑ ያለችውን ትንሽ መቆለፊያ ወደ «ሎክ» ይግፏት። ፎቶሬክ የፋይሉን ስም አይመልስም፤ ፎቶው ውስጥ የተጻፈው ቀን ግን ስላለ በእሱ መደርደር ይቻላል። ከሚሞሪ ካርድና ከሚሽከረከረው ሃርድ ዲስክ ብዙ ጊዜ ይገኛል። ኤስኤስዲ የሚባለው የማይሽከረከር ዲስክ ግን የተሰረዘውን ቦታ ራሱ ስለሚያጸዳ ተስፋው ጠባብ ነው፤ ለደንበኛ ይህን አስቀድሞ መንገር ተገቢ ነው።

ፎቶ ሲዛወር መብራት ጠፍቶ ከሆነ ደግሞ መነሻውንም መድረሻውንም ይመልከቱ፤ የተወሰነው እዚህ፣ የተወሰነው እዚያ ይሆናል። የዲስክ ምርመራ ከተካሄደም «ፋውንድ» በሚል ስም ተደብቆ የሚቀመጥ ፎልደር ሊኖር ይችላል። ውስጡ ያሉት ባለ «ሲኤችኬ» ቅጥያ ፋይሎች ቅጥያቸው ወደ ጄፒጂ ሲቀየር አንዳንዶቹ ይከፈታሉ።

ዲስኩ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ካሰማ ግን ከዚህ ሁሉ አንዱንም አይሞክሩ። ወዲያውኑ ይንቀሉት፤ ያ የአካል ጉዳት ስለሆነ ተበርቶ በቆየ ቁጥር ይብሳል። ዲስክ ከፍቶ ለሚሠራ ባለሙያ እስኪደርስ ድረስ ተነቅሎ ይቆይ።