የተደጋገመ መለያ ቁጥር ለምን ሳይያዝ አለፈ?

በአንድ የኤክስኤምኤል (መረጃን በስያሜ ምልክቶች የሚያደራጅ ቅርጸት) ፋይል ውስጥ ሁለት ዕቃዎች አንድ መለያ ቁጥር ይዘው ማረጋገጫውን አለፉ። የፋይሉን አወቃቀር በሚደነግገው ሰነድ፣ በስኪማው፣ ውስጥ ድግግሞሽን የሚከለክል «ኪ» የተባለ ገደብ አለ፤ የስህተት መልእክት ግን የለም። ሁለት ቀን ሙሉ ጥፋቱን ፓርሰሩ (ፋይሉን አንብቦ የሚያረጋግጠው ፕሮግራም) ላይ ስፈልግ ቆየሁ።

ችግሩ ስሞቹ ላይ ነበር። ስኪማዬ ነባሪ ኔምስፔስ (ስሞች የሚመደቡበት ክልል) ስላወጀ፣ ሌላ ስም በሚጠቅሱት «ታይፕ» ወይም «ሬፍ» ውስጥ ፕሪፊክስ (ክልሉን የሚጠቁም ቅድመ ቅጥያ) ሳላስቀድም የጻፍኩት ስም ወደዚያው ኔምስፔስ ይፈታል። «ኪ» የሚመለከታቸውን ኤለመንቶች (የፋይሉን ክፍሎች) የሚመርጠው የ«ሰሌክተር» ይዘት ግን ኤክስፓዝ የሚባል የመፈለጊያ አገላለጽ ነው፤ በኤክስኤምኤል ስኪማ 1.0 ደግሞ ኤክስፓዝ ነባሪውን ኔምስፔስ አይቆጥርም። ስለዚህ «አይተም» ብዬ ስጽፍ ኔምስፔስ የሌለው ኤለመንት ተፈለገ፤ አንድም አልተገኘም። ምንም ካልተመረጠ የሚጣስ ገደብም የለም። እንዲህ በዝምታ የሚያልፍ ስህተት በግልጽ ከሚጮኸው ይልቅ ያስፈራኛል።

ለዚያው ኔምስፔስ «ቲ» የሚል ፕሪፊክስ አውጄ ሰሌክተሩን «ቲ:አይተም» አደረግኩት። መደገም የሌለበትን ዋጋ በሚጠቁመው «ፊልድ» ውስጥ ያለውን «@አይዲ» አልነካሁትም፤ እሱ አትሪቢዩት (ከኤለመንቱ ጋር የሚጻፍ ባሕርይ) ነው፤ ፕሪፊክስ የሌለው አትሪቢዩት ደግሞ ነባሪውን ኔምስፔስ አይወርስም። በ2012 (እ.ኤ.አ.) የወጣው ኤክስኤምኤል ስኪማ 1.1 ለኤክስፓዝ ነባሪ ኔምስፔስ መስጠት ያስችላል፤ እኔ የምጠቀምበት ፓርሰር ግን 1.0 ብቻ ነው የሚያውቀው።

የድሮ ፈተናዎቼ ትክክለኛ ፋይል ማለፉን ብቻ ያዩ ነበር። አሁን የተደጋገመ ቁጥር ያለበትን ፋይል በሦስት መልክ አስገባለሁ፦ በነባሪ ኔምስፔስ፣ በ«ቲ»፣ እንዲሁም ፕሪፊክሱን ወደ ሌላ ፊደል ቀይሬ። ሦስቱም መውደቅ አለባቸው፤ ዛሬ ሦስቱም ወድቀዋል።