ከድሬዳዋ ተነስቶ ለጨርጨር አደን እንዴት መዘጋጀት ይቻላል

በደንገጎ ዳገት ወጥተው፣ ቁልቢንና ሂርናን አልፈው ጨርጨር ሲደርሱ አዳኝ የሚመኘው የደጋ አጋዘንን ነው። ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የለም፤ ለመጥፋት ከተጋለጡት እንስሳትም አንዱ ነው።

መጀመሪያ ወረቀቱ። ያለ ፈቃድ ማደን በሕግ የተከለከለ ነው። ፈቃዱ ላይ የተጻፈውን የእንስሳ ዓይነት፣ ብዛትና ቦታ አንድ በአንድ ያንብቡ። ኩኒ ሙክታርና ባቢሌ የዱር እንስሳት መጠለያ ናቸው፤ ለአደን አይታሰቡም።

ጠመንጃውን በ100 ሜትር ላይ በሦስት ጥይት ይፈትሹ። ሦስቱም በቡና ሲኒ አፍ ስፋት ውስጥ ካላረፉ ገና ነው። ድሬዳዋ የተስተካከለውን ግን ተራራው ላይ አይመኑት፤ የመንገዱ ንዝረት ስኮፑን (የማነጣጠሪያ መነጽሩን) ያናውጣል፣ ስስ አየርም ጥይቱን በመጠኑ ከፍ ያደርገዋል። ካምፕ ሲደርሱ፣ ስካውቱ (አብሮዎት የሚወጣው የዱር እንስሳት ጠባቂ) በሚያሳይዎት ቦታ እንደገና ይፈትሹ።

ከሁሉም የሚከብደው ወንዱን መምረጥ ነው። ቀንድ ያለው ወንዱ ብቻ ስለሆነ ሴቷን መለየት ቀላል ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው በዕድሜው ነው። ወጣቱ ቀላ ያለ ቡናማ፣ ቀንዱም ከሥሩ ቀጭን ነው። ሽማግሌው ጠቆር ይላል፣ አንገቱ ይወፍራል፣ የቀንዱ ጫፍ ተፍቆ ነጣ ይላል፤ ብዙ ጊዜም ከመንጋው ተለይቶ ይውላል። ቢያንስ አሥር ደቂቃ በመነጽር ሳያዩ አይወስኑ። ከተጠራጠሩ ይለፉት።

ማለዳ ንፋሱ ከተራራው ወደ ታች ይወርዳል፤ ፀሐይ ስትሞቅ ወደ ላይ ይዞራል። ስለዚህ ጎህ ሳይቀድ ከታች፣ ረፋዱ ላይ ከላይ ሆነው ይቅረቡ። የተነፋ አመድ በትንሽ ጠርሙስ ይያዙና ቆንጥረው በየመሃሉ እየበተኑ ይመልከቱ።

ጎኑን ሲሰጥዎት ከፊት እግሩ ጀርባ፣ ሰውነቱን ለሦስት ከፍለው ታችኛው ሲሶ ላይ ያነጣጥሩ። ከተኮሱ በኋላ የቆመበትን ቦታ ምልክት ያድርጉና ደሙን ይዩ። አረፋ ያለው ደማቅ ደም ሳንባ መመታቱን ያሳያል፤ ግማሽ ሰዓት መጠበቅ ይበቃል። ፈርስ ከተቀላቀለበት ሆዱ ነው፤ ቢያንስ አራት ሰዓት ይጠብቁ፣ ቶሎ ከተከተሉት ከተኛበት ተነስቶ ርቆ ይሄዳል። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል አለመተኮስ የሚመከረውም ለዚሁ ነው፤ ሌሊት ጅብ ይቀድምዎታል። ቆስሎ የጠፋውን እንደ ታደነ ይቁጠሩት፤ ሌላ አይፈልጉ።

ሥጋው እንዳይባክን ከአካባቢው ሰዎች ጋር አስቀድመው ይነጋገሩ። አብዛኞቹ ሙስሊም ስለሆኑ፣ እዚያው ከወደቀ ነፍሱ ሳትወጣ ቢስሚላህ ብሎ የሚያርድ ሰው አብሮ ይውጣ። ማረዱ የአንገቱን ቆዳ ያበላሻል የሚል አዳኝ አይጠፋም፤ ሥጋው መበላቱ ይበልጣል።

ለቆዳው ደቃቅ ጨው ከድሬዳዋው ቀፊራ ገበያ ገዝተው ይሂዱ፤ ለአንድ ኪሎ እርጥብ ቆዳ አንድ ኪሎ። ሥጋና ሞራው በደንብ ካልተፋቀ ጨው አይገባውም፣ ፀጉሩም ይረግፋል። የሚደርቀው ጥላ ውስጥ ነው።