«ፍሬን በጠሰ» ከየት መጣ? የአራዳ አባባልን ምንጭ ማደኛ ዘዴ

ደሴ ፒያሳ ቁጭ ብላችሁ ስለ አንድ አባባል አመጣጥ ብትጠይቁ መልስ አታጡም። ችግሩ መልሱ መብዛቱ ነው። እያንዳንዱ ሰው የራሱ ታሪክ አለው፣ ታሪኩም ይጥማል፤ መጣሙ ግን ማስረጃ አይሆንም። ልክ ላለፈና የሚይዘው ለጠፋ ሰው የምንላትን «ፍሬን በጠሰ» ይዘን እንሂድ።

መጀመሪያ አባባሉ በቁሙ የሚነገርበትን ቦታ ፈልጉ። ለዚህኛው ኮምቦልቻ ያሉ ጋራዦች ናቸው። ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ ከ500 ሜትር በላይ ቁልቁለት አለ። የጫነ ተሳቢ ሐረጎ የሚባለውን ይህን ቁልቁለት ሲወርድ ሹፌሩ ማርሽ ቀንሶ በሞተር ይይዘዋል፤ ፍሬን ብቻ እየረገጠ ከወረደ ሸራው ይግላል፣ ሽታው ከኋላ ላለው ሁሉ ይደርሳል፣ ከዚያ በኋላ ፔዳሉን ቢረግጡት መኪናው አይሰማም። ይሄኔ ነው «ፍሬን በጠሰ» የሚባለው። ግሱን ልብ በሉ። «ፍሬኑ አለቀ» አላሉም። ገመዱን በጥሶ እንደሚያመልጥ ወይፈን፣ አድራጊው መኪናው ራሱ ነው። ወደ ሰው ለመዞር የተመቸው በዚህ ይመስለኛል።

ቀጥሎ ቃሉን ከዘመዶቹ ጋር እዩት። ጎማ፣ ጎሚስታ፣ ካምቢዮ፣ ላቫጆ የጣሊያን ቃላት ናቸው። ጣሊያን ደሴን የያዘው በ1928 ዓ.ም. ሲሆን እስከ 1933 ቆይቷል። ጣሊያንኛው «ፍሬኖ» ነው። የፈረንሳይኛውም ቃል ይቀርበዋል፣ ሁለቱም ከላቲን ወርደዋልና። ስለዚህ በድምፅ ብቻ አትፍረዱ፤ አብረውት የሚውሉት ቃላት የበለጠ ይመሰክራሉ።

አሁን ወደ ሰው። በዕድሜ የገፉ ሹፌሮችን ስትጠይቁ መልሱን አታጉርሷቸው። «ጋሼ፣ ይሄ አባባል ከዚህ ቁልቁለት ነው አይደል የመጣው?» ካላችሁ አዎ ይሏችኋል፣ ይሉኝታም አለ። «ጋሼ፣ ፍሬን የበጠሰ ሰው ምን ዓይነት ነው? ሲባል የሰሙት የት ሆነው ነው?» በሉ። ዓመተ ምህረት አትጠይቁ፣ ማን ያስታውሳል! ከአብዮቱ በፊት ነው በኋላ? ገና ረዳት እያሉ ነው መሪ ከጨበጡ በኋላ? እንዲህ ሲባሉ ያስታውሳሉ። የሚሉትን እንዳለ ጻፉ፣ አታሳምሩት።

መዝገበ ቃላትም ግለጡ። የደስታ ተክለ ወልድ በ1962 ዓ.ም. የታተመ ነው፤ አዲስ ዘመን ጋዜጣ ደግሞ ከ1933 ጀምሮ አለ። አባባሉን ጽሑፍ ላይ ካገኛችሁት፣ ቢያንስ ከዚያን ቀን በፊት እንደነበረ አወቃችሁ። ካጣችሁት ግን አልነበረም አትበሉ፤ የመንገድ ወሬ ወረቀት ላይ የሚወጣው ዘግይቶ ነው።

መጨረሻ ላይ የሚከብደው ፈተና አለ፣ የአገር ፍቅር። ሁላችንም አባባሉ የኛ ቢሆን ደስ ይለናል። ደሴም አራዳ የሚባል ሰፈር አላት፤ «የአራዳ ልጅ» የሚለው ግን የሚያያዘው አዲስ አበባ ጊዮርጊስ አጠገብ ከነበረው ገበያ ጋር ነው። ለ«ፍሬን በጠሰ»ም እንዲሁ፤ ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ አካባቢ ከየአገሩ የመጣ ሹፌር አይጠፋም፣ ጠይቁት። የጎንደሩም የሐዋሳውም ከልጅነቱ ጀምሮ ሲባል እየሰማ ካደገ፣ «ሐረጎ ላይ ተወለደ» የሚለውን ታሪክ እንደ አንድ ወሬ መዝግቡትና ሌላ ማስረጃ እስኪመጣ አቆዩት።