ድንጋይ ወረቀት አይደለም፦ ንጣፍ ላይ ማህተም የምትመቱ ልጆች ሆይ

ሰሞኑን አንዲት ልጅ ስድስት የዕብነ በረድ የሲኒ ማስቀመጫ ንጣፎች በፌስታል ይዛ ቤቴ መጣች። ለአክስቷ ልጅ ሠርግ የሠራችው ስጦታ ነው። ላያቸው ላይ በማህተም ሥዕል መትታባቸዋለች፦ ጀበና፣ የቡና ቅጠል፣ ባለ ሦስት እግሩ የጅማ በርጩማ፤ እጇ የተባረከ ነው። «እትዬ፣ ሁለት ሳምንት ሆነው፣ ለምንድነው የማይደርቀው?» አለችኝ። ጣቴን አሳረፍኩበት፤ ሐምራዊ ሆኖ ተመለሰ። በምን እንደመታችው መጠየቅ አላስፈለገኝም።

የቢሮ ማህተም ቀለም! ስንቱን ልምከር? ያ ቀለም የተሠራው ለወረቀት ነው። ስፖንጁ ቶሎ እንዳይደርቅ ግሊሰሪን ይገባበታል። ወረቀት ላይ ደረቀ የምንለው ወረቀቱ ስለጠጣው ነው። ድንጋይ ግን እንደ ወረቀት አይጠጣም፤ ስለዚህ ቀለሙ ላዩ ላይ ተኝቶ የሚነካውን ሰው ይጠብቃል። ፀሐይ ላይ አሰጡት፣ በፀጉር ማድረቂያ ንፉት፣ ያው ነው። የማውቀው ስለተቀጣሁበት ነው። ከዓመታት በፊት ለአንድ ተመራቂ ቤተሰብ 40 ንጣፍ ሠርቼ ነበር። እናትየው ነጭ የሐበሻ ቀሚሳቸውን ለብሰው አንዱን ደረታቸው ላይ አስጠግተው ፎቶ ተነሡ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ገምቱት። «ምንም አይደል ልጄ» አሉኝ፤ ግን ተመልሰው አልደወሉም። የምትገዙት ለፕላስቲክ፣ ለብርጭቆና ለብረት ተብሎ የሚሸጠውን፣ ፈሳሹ ተንኖ የሚደርቀውን ቀለም ነው። ጅማ ውስጥ ካጣችሁት አዲስ አበባ ለሚሄድ ሰው ንገሩ፤ 350 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ነው፣ በየቀኑ የሚሄድ አይጠፋም። እሱም ካልተገኘ አክሪሊክ ቀለም በስፖንጅ ስስ አድርጋችሁ ማህተሙን ቀቡት። ቀለሙ ማህተሙ ላይ እንዳይደርቅባችሁ ግን ፈጠን በሉ።

የመታጠቢያ ቤት ሴራሚክ አትምረጡ፤ ማህተሙ እንደ ጭቃ ላይ እግር ይንሸራተታል። የሚሻለው ያልተወለወለ ዕብነ በረድ ነው። ለደረጃና ለመቃብር ሐውልት ድንጋይ የሚቆርጡ ሰዎች ዘንድ ቁርጥራጭ ሞልቷል፤ 10 በ 10 ሴንቲ ሜትር አድርጋችሁ አስቆርጡት፣ ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት ግደሉት።

ከዚያ እጠቡት። የመቁረጫው ብናኝ ከቀለሙ ጋር ይቦካል። ሲደርቅ በአልኮል ጥረጉት፣ ከዚያ በኋላም ፊቱን በጣት አትንኩ፤ ያ ሽሮ የነካ እጅ ቅባቱን ይተዋል።

«ሲደርቅ» ያልኩትን ክረምት ላይ በቁም ነገር ያዙልኝ። የእኛን ከተማ ዝናብ ታውቁታላችሁ። ድንጋዩ ውስጥ ውስጡን ውኃ ይይዛል፤ ላዩ ደርቆ ያታልላል። እንዲህ እንዳለ ማሸጊያ፣ ማለትም ሥዕሉን የሚሸፍነውን ክሊር የሚባለውን ቀለም የሌለው ቫርኒሽ፣ ከነፋችሁበት ጭጋግ የመሰለ ነጭ ነገር ይሸፍነዋል፣ ሥዕሉም ከጀርባው ይቀራል። እኔ ክረምት ላይ ምድጃ አጠገብ ሁለት ሦስት ቀን አሳድረዋለሁ።

አሁን ደግሞ ስለ እንጨት ማህተም። የጅማ ልጅ ስንሆን ለእንጨት እናደላለን፤ በርጩማ የሚጠርብ ዘመድ የሌለው ማን አለ? አንድ ጠራቢ የጅሬኑን የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ከነእንጨት ሰገነቱ ቀርጾ ሰጠኝ። ጨርቅ ላይ ተአምር ነበር። ድንጋዩ ላይ ስመታው አንድ ጥግና ግማሽ ጣሪያ ብቻ ወጣ። ድንጋይም እንጨትም ግትር ናቸው፤ ሁለት ግትሮች የሚነካኩት ጉብ ባለው ቦታ ብቻ ነው። አንዱ እሺ ማለት አለበት፣ እሱም ጎማ ነው። የአሮጌ ከመነዳሪ ቁራጭ በምላጭ ቅረጹና እንጨት ላይ በማስቲሽ ለጥፉት። ቤተ መንግሥቱን በጎማ ደግሜ ሞከርኩት፤ የሰገነቱ ቀጫጭን መስመሮች ቀለም ሞላባቸውና አንድ ላይ ተዋሐዱ። ትልልቅ ቅርጽ ምረጡ።

ጽሑፍ ስትቀርጹ ገልብጡት። «ቡና» ብዬ ቀጥ አድርጌ ቀርጬ የ«ቡ» ጭረት በግራ በኩል የወጣችበት ንጣፍ አሁንም ኩሽናዬ አለ፤ እንግዳ ሁሉ ምን ቋንቋ ነው ይለኛል።

ስትመቱ ቀጥ አድርጋችሁ አሳርፉ፣ ተጫኑ፣ ቀጥ አድርጋችሁ አንሡ። ማወዛወዝ የለም። ከተበላሸ ሳይደርቅ በአልኮል ጥረጉ።

ማሸጊያ በብሩሽ መቀባት እኔም ያጠፋሁት ጥፋት ነው፤ የቫርኒሹ ማቅጠኛ ቀለሙንም ስለሚያሟሟው የቡና ቅጠሌን አንድ ላይ ጎተተው። ቀለሙን 24 ሰዓት ጠብቁ፣ ከዚያ ክሊር ከሩቅ ስስ ስስ አድርጋችሁ ሦስት ጊዜ ንፉ፤ ደጅ ሆናችሁ፣ ልጅ የታቀፈ ሰው ሳይኖር። ምግብ በቀጥታ የሚቀመጥበት ነገር አይደለም።

ለምትሰጡት ሰው ደግሞ ሁለት ነገር ንገሩት። አንደኛ፣ ከእሳት የወረደ ጀበና ማቶቱ ላይ ይቀመጥ፤ ክሊሩ በሙቀት ይለሰልስና ይጣበቃል። ንጣፉ ለሲኒና ለብርጭቆ ነው። ሁለተኛ፣ በሎሚ ወይም በአቼቶ አይታጠብ። ዕብነ በረድ የኖራ ዘር ነው፣ አሲድ ይበላዋል፤ ክሊሩ በተጫረበት በኩል ገብቶ ወዙን ይገፈዋል።

ከሥሩ ቡሽ ወይም ወፍራም ጨርቅ ለጥፉ። እናቴ የመጀመሪያ ሥራዬን ሳሎን ጠረጴዛዋ ላይ አስቀምጣ ለጎረቤት ስታሳይ ጎተት አድርጋው ነበር። ጭረቱን እስካሁን በዳንቴል ትሸፍነዋለች።