የመጀመሪያ ሞተርዎን በዳገት ሳይሆን በቁልቁለት ይምረጡ

ድሬዳዋ ወይም ሐረር ውስጥ ሞተር ሳይክል ሊገዛ የተነሣ ሰው ለሻጩ የሚያቀርበው የመጀመሪያ ጥያቄ «ደንገጎን ይወጣል ወይ?» የሚል ነው። ጥያቄው መነሻ አለው። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1200 ሜትር ገደማ ላይ የተኛች ከተማ ስትሆን፣ ወደ ሐረር የሚወስደው መንገድ ከተማዋን እንደለቀቀ የደንገጎን ተራራ እየተጠማዘዘ ወጥቶ ሐረማያ ሲደርስ 2000 ሜትር አካባቢ ይሆናል። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው መንገድ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ዳገቱም ሁሉ የተጠቀጠቀው በመጀመሪያው ግማሽ ላይ ነው። ዳሩ ግን ለአዲስ ነጂ የሚበጀው ጥያቄ «እንዴት ይወርዳል?» የሚለው ይመስለኛል። ዳገት ያቃተው ሞተር ቢበዛ ነጂውን መንገድ ዳር ያስቀምጠዋል፤ ቁልቁለት ያቃተው ግን የት እንደሚቆም አይታወቅም።

ይህን የተማርኩት በራሴ ነው። የመጀመሪያ ሞተሬን ድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር ከሚኖር ሰው ስገዛ የወደድኩት 180 ሲሲ መሆኑንና ሰፊ ቀይ ሳልባትዮውን (የቤንዚን ታንከሩን) ነበር፤ ደንገጎን በሦስተኛ ማርሽ ሲወጣ ያየ ጓደኛ ሁሉ አድንቆልኛል። በሦስተኛው ሳምንት የአክስቴን ልጅ ከኋላ አፈናጥጬ ከሐረር ስመለስ፣ ከደንገጎ በታች ካሉት ኩርባዎች በአንዱ ላይ የፊት ፍሬኑ እጄ ውስጥ ላላና እስከ መሪው እጀታ ድረስ ገባልኝ። የኋላውን ብረግጥ የመጣልኝ የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ሽታ ብቻ ነበር። ከኋላችን ጫት የጫነ አይሱዙ ክላክሱን ሳያቋርጥ ይወርዳል። ማርሹን አንድ በአንድ እየቀነስኩ፣ በተራራው በኩል ወዳለው ጠጠር አስጠግቼ፣ በጫማዬ መሬቱን እያረስኩ አቆምኩት። ለገሃሬ አካባቢ የሚሠሩ አንድ ሽማግሌ መካኒክ በማግስቱ የኋላውን ሸራ አውጥተው መዳፋቸው ላይ አድርገው አሳዩኝ፤ ገጹ እንደ መስታወት ያብለጨልጭ ነበር። «አቦ፣ ይሄ ሞተር ዳገቱን ያወጣሃል፤ የሚያወርድህ ግን አላህ ብቻ ነው» አሉኝ።

ነገሩ የሒሳብ ጉዳይ ነው። 120 ኪሎ የሚመዝን ሞተር እያንዳንዳቸው 70 ኪሎ የሚመዝኑ ሁለት ሰዎችን ሲጭን 260 ኪሎ ይሆናል። ይህ ክብደት 800 ሜትር ቁልቁል ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት ከቧንቧ የተቀዳ ስድስት ሊትር ውሃ ለማፍላት ይበቃል፤ ከፊት የሚገፋው አየርና ሞተሩ በማርሽ የሚይዘው ኃይል ካልተካፈሉት በስተቀር፣ ያ ሁሉ ሙቀት የሚያርፈው ከመዳፍ በማይበልጥ የፍሬን ሸራ ላይ ነው። እንግዲህ የመጀመሪያ ሞተር ሲመረጥ መታየት ያለባቸው ሁለት ነገሮች ፍሬኑና ሞተሩ ራሱ በማርሽ የመያዝ አቅሙ ናቸው።

በማርሽ መያዝን በተመለከተ ፎር ስትሮክ (ዘይቱን ከቤንዚኑ ለይቶ የሚይዝ) ሞተር ይመረጣል። ነጂው ጋዙን ለቅቆ በሁለተኛ ማርሽ ሲወርድ ሞተሩ ጎማውን ወደኋላ ስለሚስበው ፍሬኑ የሚቀረው ሥራ ጥቂት ነው። በየመንደሩ አሁንም የማይጠፉት አሮጌ ቱ ስትሮክ ሞተሮች ግን ሲወርዱ እምብዛም አይዙም፤ በዚያ ላይ ዘይታቸው ከቤንዚኑ ጋር የሚገባ በመሆኑ፣ ጋዙ ተዘግቶ ረጅም ቁልቁለት ሲወረድ ፒስተኑ ዘይት ያጣና ሊነክስ ይችላል። ልምድ ያለው ነጂ በየመሐሉ ጋዙን ጥቂት እየከፈተ ያልፈዋል፤ አዲስ ነጂ ግን በኩርባ መሐል ይህን ማስታወስ አይጠበቅበትም። ማርሽ የማይቀየርባቸው ስኩተሮችም ለድሬዳዋው ከዚራ ሰፈር ጎዳናዎች የተመቹ ቢሆኑም ለደንገጎ አይመከሩም። የኤሌክትሪክ ሞተር ለመግዛት ያሰበ ሰው ሲወርድ ባትሪውን መልሶ እየሞላ የሚይዝ ዓይነት መሆኑን ይጠይቅ፤ እንዲህ ያለውም ቢሆን ደንገጎ አፋፍ ላይ ባትሪው ጢም ብሎ ከተሞላ የሚጨምርበት ቦታ ስለማያገኝ፣ በቁልቁለቱ መጀመሪያ ላይ የመያዝ ኃይሉ ይቀንሳል።

ወደ ፍሬኑ እንምጣ። የሞተር ዋና ፍሬን የፊቱ ነው፤ በደረቅ አስፋልት ላይ ከማቆሚያው ኃይል አብዛኛውን የሚሠራው እሱ ነው። ስለዚህ የፊት ፍሬኑ ዲስክ (ከጎማው ጋር የሚዞር ገላጣ የብረት ሳህን) የሆነ ሞተር መግዛት ይሻላል፤ ዲስክ በነፋስ ስለሚመታ ሙቀቱን ቶሎ ይለቃል፣ ሸራው በታምቡር ውስጥ የተዘጋበት ፍሬን ግን ሙቀቱን አፍኖ ይይዛል። የኋላው ታምቡር ቢሆን አያሳስብም። ዲስክ ያለው ሞተር ሲገዙ የፍሬን ዘይቱን ዕቃ መስኮት ይመልከቱ፤ አዲስ ዘይት ነጣ ያለ ማር ይመስላል፣ ወደ ቡናነት ከተለወጠ ጊዜው አልፎበታል። የፍሬን ዘይት ከአየር ውስጥ እርጥበት የመሳብ ጠባይ ስላለው በየሁለት ዓመቱ መለወጥ አለበት፤ ውሃ የገባበት ዘይት በሙቀት ይፈላና አረፋ ይሠራል፣ አረፋ ደግሞ ሲጨመቅ ይታመቃል እንጂ አይገፋም። በእኔ እጅ ላይ የላላው ፍሬን በሽታው ይኸው ነበር። ዘይቱን ማስለወጥ ከአንድ ቀን የነዳጅ ወጪ ብዙም አይበልጥም ነበር፤ ሻጩም አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም።

ስለ ጉልበት ያለው ስጋት ከእውነቱ ይበልጣል። ከፍታ ሲጨምር አየሩ ስለሚሳሳ ተራ የቤንዚን ሞተር በየ1000 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ያህሉን ያጣል፤ ከድሬዳዋ እስከ ሐረማያ የሚጎድለው ያን ያህል እንኳ አይሞላም። ብቻውን ለሚነዳ ሰው 100 ወይም 125 ሲሲ ዳገቱን ዝግ ብሎ ያወጣዋል፤ ዘወትር ሰው ወይም ዕቃ የሚጭን 150 ሲሲ ይበቃዋል። በዚህ ክፍል ውስጥ እንደ ባጃጅ ቦክሰርና የቲቪኤስ ትንንሾቹ ሞተሮች ያሉት በብዛት ይገኛሉ። እንደ ፑልሳርና አፓቼ ያሉት፣ በተለይ 180 እና 200 ሲሲ የሆኑት፣ ጥሩ ሞተሮች ናቸው፤ ነገር ግን ክብደታቸው ወደ 150 ኪሎ ይጠጋል፣ ጋዙ ሲከፈትም ለአዲስ እጅ ይቸኩላሉ። ለሁለተኛ ሞተርነት ቢቆዩ ይሻላል።

ክብደትና ቁመት በሜዳውም ይቆጠራሉ። ነጂው ኮርቻው ላይ ተቀምጦ ሁለቱን እግሮቹን ቢያንስ እስከ ጣቶቹ ሥር ድረስ መሬት ማስረገጥ አለበት። ይህንን ሱቅ ውስጥ በለስላሳ ሴራሚክ ላይ ቆሞ መለካት አይበቃም። ድሬዳዋ ላይ የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ ካወረደ በኋላ አሸዋው አስፋልቱ ላይ ይቀራል፤ በዚህ አሸዋ ላይ የፊት ፍሬን የያዘ ሞተር በአንድ ጊዜ ይተኛል፣ የሚያድነውም ፈጥኖ የሚደርስ እግር ነው። ሐረር ላይ ደግሞ በጀጎል ግንብ ውስጥ ያሉት ጠባብ መተላለፊያዎች ገበያተኛ፣ አህያና ልጆች የሚጋፉባቸው ስለሆኑ፣ በእግር መሄድን ያህል በዝግታ እየነዱ በየአምስት እርምጃው መቆም ግድ ነው፤ ዝናብ የመታው ድንጋይ ንጣፍም ያንሸራትታል። ለአፈር መንገድ የተሠሩ ቁመተ ረጅም ሞተሮች የሚያምሩ ቢሆኑም ቁመቱ ለማይፈቅድ ሰው እዚህ ቦታ ላይ ይከዱታል።

ሌላው ትልቅ ጉዳይ መለዋወጫ ነው። ሐረርና ድሬዳዋ ውስጥ ፔጆ 404 ታክሲዎች ፋብሪካቸው እነሱን መሥራት ካቆመ ከአሥርተ ዓመታት በኋላም ሲሠሩ የቆዩት መኪናው የማይሞት ሆኖ አይደለም፤ እያንዳንዱን ብሎን በእጁ የሚያውቅ መካኒክና ዕቃውን ከየጓሮው ፈልጎ የሚያመጣ ነጋዴ ስለነበረው ነው። ባቡር ድሬዳዋ በ1895 ዓ.ም. ከገባበት ጊዜ ጀምሮ ብረት መቀጥቀጥና መፍታት ሙያ ሆኖ በኖረበት ከተማ እንዲህ ያለ እጅ አይጠፋም። ስለዚህ ሞተሩን ከመምረጥዎ በፊት ወደ መለዋወጫ ሱቆች ይሂዱና ባሰቡት ሞተር ስም ሦስት ዕቃ ይጠይቁ፤ የፍሪሲዮን ካቦ (ማርሽ ሲቀየር የሚጨበጠው እጀታ ሽቦ)፣ የፍሬን ሸራ፣ ካቴና (ሰንሰለት) ከነጥርሱ። ሦስቱም ከሦስት ሱቅ ባልበለጠ ፍለጋ ከተገኙ ሞተሩ ለከተማው የታወቀ ነው። «ከአዲስ አበባ እናስመጣልሃለን» ከተባሉ ግን ሞተሩ ምንም ያህል ቢያምር ይተዉት። ነዳጁን በኢንጀክሽን (በኤሌክትሮኒክስ እየለካ በሚረጭ መሣሪያ) የሚመጥን ሞተር ከፍታውን ራሱ እያስተካከለ ይሄዳል፤ ካርቡራተር ያለው ዳገቱ ላይ ቤንዚን በዝቶበት ካንዴላውን ያጠቁራል። ይሁን እንጂ ካርቡራተር በየጥግ ያለ መካኒክ በአንድ ሰዓት ፈትቶ ያጸዳዋል፣ ኢንጀክሽኑን ግን የሚመረምር መሣሪያ ያለው ሰው ጥቂት ነው፤ ለእኔ ካርቡራተሩን ለመምረጥ ይህ ልዩነት በቂ ነበር።

ያገለገለ ሞተር የሚገዛ ሰው ሻጩን «ሳትነካው ጠብቀኝ» ብሎ ቀድሞ ይንገር፤ ሲደርስም የሞተሩን ጎን በእጁ ይዳስስ። ሞቆ ከጠበቀው አንድ የሚደበቅ ነገር አለ፤ አብዛኛውን ጊዜ ሲቀዘቅዝ አልነሣ የሚል ወይም የሚያጨስ ሆኖ ነው። ከማርሚታው የሚወጣው ጢስ ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እየበላ ነው፣ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) አልቋል ማለት ነው። ከዚያ የፊት ፍሬኑን ይዘው ሞተሩን ወደፊትና ወደኋላ ይግፉት፤ መሪው ሥር ቆጭ ቆጭ የሚል ከሆነ ኩሽኔታው ተበልቷል። ካቴናውን ከኋለኛው ጥርስ ላይ በጣት ወደኋላ ይሳቡት፤ ግማሽ ጥርስ ያህል ከተላቀቀ ወይም ጥርሶቹ እንደ ማጭድ ከታጠፉ ሙሉውን መለወጥ ስለሚያስፈልግ ከዋጋው ይቀነስ።

ጎማውን ሳይመለከቱ አይለፉ። በጎማው ጎን ላይ በትንሽ ሞላላ ክብ ውስጥ አራት ቁጥሮች ተጽፈው ይገኛሉ፤ 2319 ቢል በአውሮፓውያን 2019 ዓመት በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። በድሬዳዋ ፀሐይ ውጭ ያደረ ጎማ ጥርሱ ሳያልቅ ጎኑ ይሰነጣጠቃል፤ ጥፍር የሚያስገባ ስንጥቅ ያለበትን ጎማ ይዞ ደንገጎን መውረድ አይገባም። የአየር ፊልትሮውንም አስከፍተው ይዩ፤ በአቧራ ደርቆ የተዘጋ ፊልትሮ የቀድሞው ባለቤት ሞተሩን እንዴት እንደያዘው ይናገራል። ኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ብዙም አላምነውም፤ ይልቅ የእግር ማሳረፊያውን ላስቲክ አያለሁ። ቆጣሪው 9000 እያለ ላስቲኩ እስከ ብረቱ ካለቀ፣ ከሁለቱ አንዱ ዋሽቷል፤ ላስቲክ ደግሞ አይዋሽም።

ስለ ወረቀት ባጭሩ። ሊብሬው ላይ ያለው የሞተርና የሻንሲ ቁጥር ብረቱ ላይ ከተመታው ጋር ፊደል በፊደል መመሳሰል አለበት፤ ቁጥሩ ላይ የመሞረድ ወይም አዲስ ቀለም የመቀባት ምልክት ካለ ሳይከራከሩ ይሂዱ። በእኛ አካባቢ ቀረጥ ሳይከፈልበት የገባ ሞተር መኖሩ የታወቀ ስለሆነ የጉምሩክ ዲክላራሲዮኑን ጠይቆ ማየት ነውር አይደለም። በውክልና ብቻ አይግዙ፤ ውሉ በሚመለከተው መሥሪያ ቤት ይጽደቅ፣ ስሙም ይዛወር። ቦሎና የሦስተኛ ወገን መድን ሳይኖር፣ በሞተር ምድብ የተሰጠ መንጃ ፈቃድም ሳይያዝ ሞተሩ ከግቢ መውጣት የለበትም።

ለግዢ ከያዙት ገንዘብ ውስጥ ለሄልሜት፣ ለጓንትና ለመጀመሪያው የዘይት፣ የፍሬንና የካቴና ሥራ የሚሆን ቀድመው ለይተው ያስቀምጡ። ሄልሜቱ አገጭን የሚሸፍን፣ ጭንቅላት ሲነቀነቅ የማይዞር ይሁን። የድሬዳዋን ሙቀት ሰበብ አድርጎ መሪው ላይ አንጠልጥሎ መሄድ ከምንም አይቆጠርም።

ሞተሩ ከተገዛ በኋላ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ማለዳ ላይ፣ ባጃጆቹ ሳይበዙ፣ በከዚራ ጥላማ ቀጥታ መንገዶች ላይ ፍሬን መያዝና ማርሽ መቀነስ የሚለመድባቸው ይሁኑ። ደንገጎ ከአንድ ወር በኋላ ይደርሳል፤ ያኔም ከኋላ ሰው ሳይኖር፣ በቀን ብርሃን፣ ጉም በሌለበት። ሲወርዱ ማርሹን ዜሮ አድርጎ ወይም ሞተሩን አጥፍቶ ቤንዚን መቆጠብ የሚባለውን ምክር አይስሙ። ዳገቱን በወጡበት ማርሽ ይውረዱ፤ ፍሬኑን እንደያዙ ከመክረም ይልቅ ከኩርባው በፊት ጠበቅ አድርገው ይያዙና ይልቀቁት፣ በሁለት ኩርባዎች መካከል ነፋስ ያግኘው። ከኋላ የሚመጣው አይሱዙ ክላክስ ካደረገ ሰፋ ያለ ቦታ ላይ ጠርዝ ይዘው ያሳልፉት፤ እሱ ለጫቱ ይቸኩላል። ግማሽ ላይ ሲደርሱ ይቁሙና የእጅዎን ጀርባ ወደ ኋላ ቸርኬው መሐል ሳይነኩ ያስጠጉ። ሙቀቱ ከሩቅ የሚገርፍ ከሆነ ፍሬኑን አብዝተዋል፤ እስኪበርድ ይቀመጡና ቀሪውን አንድ ማርሽ ቀንሰው ይውረዱት።